የሎሪን ሂል ዝምታ እና ብርድ ልብስ የለበሰው ስቱዲዮ

ባለፈው ክረምት የእህቴን ልጅ አጅቤ ስቱዲዮ ሄድኩ። ስቱዲዮ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች አንድ የኪራይ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች ብርድ ልብስ ለብሷል። ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው። «ስፖንጁ አይቀመስም፤ ብርድ ልብስ ግን የከተማችን ምርት ነው» አለኝ ቢት (የራፑን ሙዚቃ) የሚሠራው ልጅ እየሳቀ። ማይኩ የቆመው በሩ የተነቀለ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ችግሩ ጣሪያው ነው። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን መቀጥቀጥ ሲጀምር ቀረጻ ይቆማል። ሻይ ይቀዳል፣ ወሬ ይጀመራል።

የዚያን ቀን ወሬው አሜሪካዊቷ ራፐርና ዘፋኝ ሎሪን ሂል ላይ ወደቀ። የእህቴ ልጅ ራፐር ናት። በእሷ ቤት የሴት ራፐሮች ቁንጮ ሎሪን ናት። «ይቺ ሴትዮ ግን አንድ አልበም ብቻ ሠርታ ለምን ጠፋች?» አለች። «አብዳ ነው ይባላል» አለ ልጁ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ጓደኛው ደግሞ «ወንድ ነው ያበላሻት» ብሎ ጨመረበት። ሁለቱም መልስ ከኢንተርኔት የተለቀመ ነው። ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ሴት ሥራ ስታቆም ወይ አብዳ ነው፣ ወይ ወንድ ነው። ወንድ ሲያቆም ግን «ትንሽ ይረፍ» ይባላል።

እኔ የሎሪንን ዝምታ ለመረዳት ወረቀቱን ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ማን ፈረመ? የማን ስም ተጻፈ? ገንዘቡ በማን እጅ አለፈ? ይህ ጥያቄ ደግሞ ከኒው ጀርሲ ተነስቶ እዚያች ብርድ ልብስ የለበሰች ክፍል ድረስ ይመጣል። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ወደ እኛ ሕግ ስንደርስ ወደ እኛ አቆጣጠር እንመለሳለን።)

ሎሪን ሂል በ1975 ኒው ጀርሲ ተወለደች። ያደገችው ሳውዝ ኦሬንጅ በምትባል ከተማ ነው። እናቷ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበሩ። 13 ዓመት ገደማ ሲሆናት ኒው ዮርክ፣ አፖሎ ቲያትር መድረክ ላይ ወጣች። የአፖሎ ታዳሚ ምሕረት የለውም። ጀማሪ ካላማረው እየጮኸ ያስወርዳል። ልጅቷ ከማይኩ ራቅ ብላ ቆመች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ጩኸቱ ተጀመረ። ከዚያ ወደ ማይኩ ተጠጋች። ዘፈኑን ሳታቋርጥ ጨረሰች፤ ሲጮህባት የነበረው ሰው አጨበጨበላት። ቪዲዮው ዛሬም ይገኛል። የእህቴ ልጅ ማይክ ፊት በቆመች ቁጥር «ተጠጊ!» የምላት ከዚያ ወስጄ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ እያለች ከፕራስ ሚሼል ጋር ቡድን ጀመረች። ዋይክሌፍ ዣን ተጨመረ። የሁለቱም ቤተሰብ ከሄይቲ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የሄይቲ ሰው «ሬፊውጂ» እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ ስደተኛ ማለት ነው። ልጆቹ የስድቡን ግማሽ ቆርጠው ስማቸው አደረጉት፦ ፉጂስ። ይህን ለደብረ ብርሃን ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ከተማችን ዳር ባሉ መጠለያዎች ዓመታት የቆጠሩ ልጆች አሉ። «ተፈናቃይ» የሚለው ቃል በአንዳንድ ሰው አፍ ምን ዓይነት ቃና እንዳለው ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከእነሱ አንዱ ነገ ቡድን አቋቁሞ ስሙን «ተፈናቃይ» ቢለው አይገርመኝም።

የፉጂስ የመጀመሪያ አልበም በ1994 ወጣ፤ ብዙም አልተሸጠም። ሁለተኛው በ1996 ወጣና ዓለምን አዳረሰ። በማግሥቱ ዓመት ሁለት ግራሚ፣ የአሜሪካን ትልቁን የሙዚቃ ሽልማት፣ ይዘው ገቡ። የቡድኑ ጉልበት ሎሪን ነበረች። ትዘፍናለች፣ ራፕም ታደርጋለች። ብዙ ሰው የሚያስታውሳት በዘፈኗ ነው። እኔ ግን ራፕዋ ይበልጥብኛል። አንዱን ቃል ሁለት ቦታ ታሠራዋለች። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው እንግሊዝኛ ቢችልና ቢሰማት፣ ሰሙን ትቶ ወርቁን መፈለግ የሚጀምር ይመስለኛል።

በ1997 የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ዛየን አለችው፤ የእኛው ጽዮን ነው። በዓመቱ የወለደቻት ሴት ልጇ ሴላ ትባላለች። ሁለቱም ስም ከዳዊት መዝሙር የተገኘ ነው። የልጆቹ አባት ሮሃን ማርሊ የቦብ ማርሊ ልጅ ነው። ራስታዎች ጽዮን ሲሉ ኢትዮጵያን ማለታቸው ነው። ራስ ተፈሪ የሚሏቸው ንጉሥ ቅድመ አያት ደግሞ አንኮበር የነገሡት ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ስለዚህ የልጁ ስም ዞሮ ዞሮ እኛው ሰፈር ያመጣናል። ሎሪን ይህን ታውቅ አታውቅ ሌላ ጉዳይ ነው። እርጉዝ ሳለች «ሥራሽን አስቢ» ያሏት ነበሩ። ለልጇ በሠራችው ዘፈን ራሷ ተናግራዋለች። አልሰማቻቸውም።

ከዚያ ነሐሴ ውስጥ፣ ኦገስት 25 ቀን 1998፣ ብቻዋን የሠራችው አልበም ወጣ፦ «ዘ ሚስኤዱኬሽን ኦፍ ሎሪን ሂል»። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ420 ሺህ በላይ ቅጂ ተሸጠ። ከፊሉ የተቀዳው ጃማይካ፣ ኪንግስተን፣ በቦብ ማርሊ ስቱዲዮ ነው። በ1999ኙ ግራሚ 10 ጊዜ ታጨች፣ 5 ወሰደች። ከአምስቱ አንዱ የዓመቱ ምርጥ አልበም ነበር። የሂፕሆፕ አልበም ያንን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው።

ሽልማቱን ስትቀበል ያደረገችው ነገር እኔ ልብ ውስጥ ቀርቷል። መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታ ዳዊት ደገመች። ያነበበችው መዝሙር 40ን ነው፤ በግዕዙ ዳዊት 39ኛው። «ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት» ብሎ የሚጀምረው። ያ ሁሉ ካሜራ፣ ያ ሁሉ አልማዝ ባለበት አዳራሽ። 23 ዓመቷ ነበር።

ይህ ሁሉ ደስታ ሲሆን ግን ክሱ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ኖቬምበር 1998 ላይ አብረዋት የሠሩ አራት ሙዚቀኞች ከሰሷት። ቡድናቸው ኒው አርክ ይባላል። አልበሙ ላይ የደራሲነቱም፣ የቅንብሩም፣ የፕሮዲውሰርነቱም ስም የእሷ ነው። እነሱ ደግሞ «ብዙውን አብረን ጽፈናል፣ አብረን አቀናብረናል፤ ስማችንም ድርሻችንም በልኩ አልተሰጠንም» አሉ። እሷ አልተቀበለችም። ነገሩ በ2001 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። ነገሩ ያለው እዚህ ነውና።

አንድ ዘፈን ስንሰማ አንድ ነገር የሰማን ይመስለናል። በሕግና በገንዘብ ዓይን ግን ሁለት ንብረት ነው። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሁለተኛው ቅጂው ነው፤ አንድ ቀን አንድ ክፍል ውስጥ የተቀዳው ያ ድምፅ ራሱ። ድርሰቱ የደራሲዎቹ ነው። ቅጂው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ያወጣው ኩባንያ ንብረት ይሆናል። ኩባንያው ለዘፋኙ የሚሰጠው ገንዘብ ደግሞ ስጦታ አይደለም። ቀብድ ነው። የስቱዲዮው ኪራይ፣ ብዙ ጊዜም የቪዲዮው ወጪ፣ ከዘፋኙ ድርሻ ላይ እየተቆረጠ ይመለሳል። ድርሻው ትንሽ ከሆነ፣ አልበሙ በሚሊዮን ተሽጦም ዘፋኙ ባለዕዳ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በግ ነጋዴ ይህን ቶሎ ይገባዋል። ቀብድ ተቀብለህ፣ መኖውም ማጓጓዣውም ካንተ ተቆርጦ፣ በጉ ግን የገዢው ነው።

ስለዚህ በአልበሙ ሽፋን ጀርባ ላይ በጥቃቅን ፊደል የሚጻፈው ስም የክብር ብቻ ጉዳይ አይደለም። እንጀራ ነው። ከ20 ዓመት በኋላም እንጀራ ነው። ለዚህ ከእሷው አልበም የተሻለ ማሳያ የለም። «ኤክስ ፋክተር» የሚባለው ዘፈኗ የራፕ ቡድኑን የዉ ታንግ ክላንን የ1993 ሥራ መነሻ አድርጓል። ያ ደግሞ ግላዲስ ናይት በ1970ዎቹ ከዘፈነችው ተቆርሶ የተወሰደ ነበር። የግላዲስም ቢሆን ባርብራ ስትራይሳንድ ቀድማ የዘፈነችው ነው። በ2018 ራፐሩ ድሬክ መጣና የሎሪንን ድምፅ ቆርሶ የራሱን ዘፈን ሠራበት፤ ዘፈኑ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። በእያንዳንዱ ቁራሽ ላይ ስሙ በወረቀት የሰፈረ ሰው ድርሻ ይደርሰዋል። ያልሰፈረ ግን ሬዲዮ ላይ ሰምቶ «ይቺን እኮ እኔ ነኝ የሠራኋት» ይላል፤ አለቀ።

እንግዲህ ኒው አርኮች እውነት ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም? ፍርድ አልተሰጠምና እኔም አልፈርድም። ለእኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች አብረው ሲሠሩ ወጣቶች ነበሩ፤ ድርሻው ሥራው ሲጀመር በወረቀት ላይ ጥርት ብሎ ቢሰፍር ኖሮ ለክስ የሚሆን ነገር አይተርፍም ነበር። የእንጀራው ነገር የተነሳው እንጀራው ከወጣ በኋላ ነው። ሎሪንም ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ከሰው ጋር ተቀምጣ መሥራት የከበዳት ይመስላል። የጋራ ሥራ የሚያስፈልገው እምነት ነው፤ ጠበቃ ከገባበት በኋላ እምነት አይመለስም።

በ2002 የወጣው ቀጣይ ሥራዋ ይህን ያሳያል። መድረክ ላይ ብቻዋን፣ አንድ ጊታር ይዛ። ድምፅዋ ጎርናና ነው። በመሐል ታለቅሳለች። በዘፈኖቹ መሐል ረጅም ረጅም ወሬ ታወራለች። ተቺዎች አልወደዱትም። «አበደች» የሚለው ወሬም በደንብ የተራገበው ያኔ ነው። ሌላ አቀናባሪ የለም፣ ሌላ ሙዚቀኛ የለም፣ የሚከስ የለም። እኔ ሳየው ያበደ ሰው አይታየኝም። ሌሎች ጥለውባት የሄዱትን ሸክም ሁሉ ብቻዋን ለመሸከም የወሰነች ሴት ነው የምትታየኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ የስቱዲዮ አልበም የለም።

ማሞገስ ብቻ ግን አልፈልግም። ሴትዮዋ ጥፋትም አለባት። ከ2005 እስከ 2007 ላገኘችው 1.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ ግብር አላሳወቀችም። ጥፋቷን አመነች፤ በ2013 ኮኔክቲከት፣ ዳንበሪ በሚገኘው የፌዴራል እስር ቤት ሦስት ወር ታሰረች። ፍርድ ቤት ውስጥ ራሷን ከባርነት ጋር አያይዛ ነበር የተከራከረችው፤ አያቶቿ በግድ የተጫነባቸው ሥርዓት እሷም ላይ እንደተጫነ ነው የተናገረችው። ይህን ክርክር ግማሹን እረዳለሁ፣ ግማሹን አልረዳም። ግብር ግብር ነው። ኮንሰርቷ ላይ መዘግየቷም ሌላ ራስ ምታት ነው። በ2016 አትላንታ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ዘግይታ ሰውን አስቀየመች። ትኬት በላቡ ገዝቶ የቆመን ሰው እንደዚያ ማስጠበቅ ነውር ነው፤ ሊቅም ብትሆን።

ስለ ዝምታው ራሷ የሰጠችው መልስ ግን አለ። በ2021 ሮሊንግ ስቶን በሚባለው የሙዚቃ መጽሔት ላይ ቀርባ ተጠየቀች። ከዚያ ትልቅ አልበም በኋላ «ሌላ አልበም እንድትሠሪ በምን እንርዳሽ?» ብሎ ከኩባንያው የደወለላት አንድም ሰው እንዳልነበረ ተናገረች። ይህን ሳነብ ያ ዳዊት ትዝ አለኝ። አምላክን ደጅ ጠንታለች፤ ኩባንያውን ግን ደጅ አልጠናችም። በእኛ አገር ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በማለዳ በር ላይ መቆም ነው፤ «ነገ ና» መባል ነው። እሷ እዚያ ሰልፍ ውስጥ አልገባም አለች። ያንን አልበም ግን ሰው አልረሳውም። በ2024 አፕል ሙዚክ የምንጊዜም ምርጥ 100 አልበሞች ሲል ባወጣው ዝርዝር አንደኛ ያደረገው እሱን ነው። በዝርዝር ብዙም አላምንም፤ ይሄኛው ላይ ግን አልከራከርም።

ወደ ብርድ ልብሱ ክፍል ልመለስ።

በክረምቱ የተቀዳው ዘፈን መስከረም ላይ ዩቲዩብ ላይ ተጫነ። የእህቴ ልጅ ግጥሙን የጻፈችው በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ነው፤ የሚታይ ነገር ሲጠፋ ደብተር ሞላች። ሰው ወደደላት። ጣርማ በርን በጭጋግ ስለማለፍ የምትለው ቦታ አለ፤ የደብረ ሲና ቆሎ ሻጮች በመስኮት የሚዘረጉትን እጅ የምትገልጽበት። እሱን እየቆረጡ ቲክቶክ ላይ ለቀቁት። በሁለተኛው ሳምንት ዘፈኑ ከዩቲዩብ ጠፋ። ኮፒራይት መታው። ለካ ቢቱ ከኢንተርኔት በነፃ የወረደ ነው። ልጁ ከበሮውን ቀየር አድርጎ፣ መሰንቆ ጨምሮበት ነበር። ባለቤቱ ውጭ አገር ያለ ሰው ነው። ከቢቱ ሥር «ለገቢ ላልሆነ ሥራ ብቻ» የሚል ተጽፏል፤ ማንም አላነበበውም።

«ግጥሙ የኔ አይደለም እንዴ ጋሼ?» አለችኝ በስልክ፣ እንባዋን እየዋጠች። የሷ ነው። ቢቱ ግን አይደለም። ሁለት ንብረት የምላችሁ ይህንን ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ገጽ የጣርማ በሯን ስንኝ ያለ ስሟ ለጥፎ ብዙ መቶ ሺህ ሰው አይቶለታል። እዚያ ላይ ደግሞ የተዘረፈችው እሷ ናት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሎሪንንም ሆነች፣ ኒው አርክንም ሆነች።

የእኛ ባህል እዚህ ላይ ብዙም አያግዘንም። መንዝ ውስጥ ለቅሶ ላይ አልቃሿ ያወረደችው ሙሾ በሳምንቱ አገር ለአገር ይዞራል። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አልቃሿም ቢደገምላት ደስ ነው የሚላት። የሠርግ ዘፈኑም እንደዚያው ነው፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌላዋ ትጨምርበታለች። ያ የሚያምረው መሐሉ ላይ ገንዘብ ስለሌለ ነው። ዩቲዩብ ግን ይቆጥራል።

ሕጉ ግን አለን። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፤ በ2007 በአዋጅ 872 ተሻሽሏል። (አሁን ወደ እኛ አቆጣጠር ገብተናል።) ሥራው ተሠርቶ እንዳለቀ መብቱ የሠራው ሰው ነው፤ ለዚያ የግድ ማስመዝገብ አይጠበቅበትም። ሁለት ሰው አብሮ ከሠራው የሁለቱ ነው። መብቱን ለሌላ ማስተላለፍ የፈለገ በጽሑፍ ያደርገዋል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቀጥላል። የ19 ዓመት ልጅ ዛሬ የጻፈችውን ስንኝ የልጅ ልጆቿ ሊበሉበት ይችላሉ ማለት ነው። ጎደለ የምለው ሕጉን አይደለም። በዚያች ክፍል ውስጥ ወረቀትና እስክሪብቶ የሚያወጣ ሰው ነው የጠፋው። ጓደኛሞች ናቸዋ! ጓደኛን «ፈርምልኝ» ማለት ያሳፍራል። ኒው ጀርሲም ያሳፈረው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ዘንድሮ በበልጉ እንደገና ሄድን። ልጁ በዚህ ጊዜ ቢቱን ከባዶ ሠርቶታል። መሰንቆውን ያስቀዳው እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከአንድ አዝማሪ ነው፤ ለአዝማሪው በእጁ ከፍሎታል። የእህቴ ልጅ ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀደደች። «ግጥም» ብላ ጻፈች፣ ከጎኑ ስሟን። «ቅንብር» ብላ ጻፈች፣ ከጎኑ የልጁን ስም። «ዜማ» ላይ ስትደርስ ሁለቱም ቆሙ። ራፕ ላይ ዜማው የማን ነው? እሷ «አካሄዱ የኔ ነው፣ በአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። እሱ «ያለ ቢቱ ትሄጂ ነበር?» አላት። ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። አዝማሪውስ የሚል ጥያቄም ተነሳ። ጓደኛው ከጥግ ሆኖ «የብርድ ልብሱ ድርሻ ስንት ነው?» ሲል ሁላችንም ሳቅን።

ከ«ዜማ» ጎን ያለው ቦታ ባዶውን ነው የቀረው። ለጊዜው ወረቀቱን ብርድ ልብሱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰኩት። ዝናቡ ሲያባራ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባች። «ተጠጊ!» አልኳት።